ያ የቢንጎ ማሽን ሌባ ነበር ወይስ ሚዛን ጠባቂ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ቺካጎ ውስጥ እንደ ባሊ ያሉ ኩባንያዎች የቢንጎ ፒንቦል ማሽን ይሠሩ ነበር፤ ፒንቦል ተዳፋት ጠረጴዛ ላይ ኳስ እያስወነጨፉ የሚጫወቱት የሳንቲም ጨዋታ ነው። ኳሱን መልሶ የሚመታ ክንፍ የለውም። 5 ኳስ ታስወነጭፋለህ፣ 25 ባለ ቁጥር ቀዳዳዎች አሉ፣ መስታወቱ ላይ ባለው ካርድ 3፣ 4 ወይም 5 ቁጥር በአንድ መስመር ከገጠመልህ አሸነፍክ። ከመጀመርህ በፊት ሳንቲም በጨመርክ ቁጥር ክፍያው ከፍ ሊል ይችላል። ይችላል ነው እንግዲህ፣ ይላል አይደለም። በዚህ ነገር ሁለት ሰዎች ተፋጠዋል፤ አንዱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ነው፣ ሌላው ቁማር የሚባል ነገር አይወድም።

ከሳሹ፦ ሳላሽሞነሙን ልናገር። ይሄ ማሽን ሂሳብ ይይዝ ነበር። «ሪፍሌክስ» የሚሉት ክፍል አለው። ሰው አሸንፎ ብዙ ነጻ ጨዋታ ሲያገኝ ማሽኑን ያጠብቀዋል፣ ማለትም ክፍያው በቀላሉ ከፍ እንዳይል ያደርጋል፤ ሰዎች ሳንቲም እየከተቱ ሳያሸንፉ ሲቆዩ ደግሞ ያላላዋል። ይሄ ዕድል ነው? ዘውድ ወይስ ጎፈር ብለህ የወረወርከው ሳንቲም ቅድም ጎፈር መውጣቱን አያስታውስም። ይሄኛው ያስታውሳል።

ጠጋኙ፦ ወንድሜ፣ ውስጡን አይተኸው ታውቃለህ? ኮምፒዩተር የለ፣ ምን የለ። ሞተር፣ ሪሌይ የሚሉት በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ፣ የሽቦ ጫካ፣ በቃ። ሳንቲም ስትከት ሞተሩ ይነሳል፣ ሚክሰር የሚባሉት ክብ ዲስኮች ዞረው ዞረው እያንዳንዳቸው የሆነ ቦታ ላይ ይቆማሉ፣ የብረት ጣቶቻቸው ያረፉባቸው ነጥቦች በሽቦ ከተገናኙ ኤሌክትሪኩ ያልፍና ክፍያው ከፍ ይላል፣ አንዷ ከተቋረጠች ደግሞ አለቀ፣ ሳንቲምህን በልቶ ዝም ነው። ሪፍሌክሱ እዚያ መንገድ ላይ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሲላላ ብዙ በር ይከፈታል እንጂ ልስጥህ ብሎ አይሰጥህም። ኳሱን ደግሞ ፈጽሞ አይነካም! ኳሱ ያንተ እጅ ሥራ ነው። ጠረጴዛውን በመዳፍህ ገፋ አድርገህ ወደምትፈልገው ቀዳዳ ታሽሞነሙነዋለህ፣ ካበዛኸው ቲልት ብሎ ይዘጋብሃል።

ከሳሹ፦ እሺ፣ ኳሱን አይነካም። ዋጋውን ግን ይነካል። በብዙዎቹ የባሊ ጨዋታዎች መነሻው ለ3 ቁጥር 4 ነጻ ጨዋታ፣ ለ4 ቁጥር 16፣ ለ5 ቁጥር 75 ነው። ሰውዬው በዚህ አይረካም፤ አንድ ኳስ እንኳ ሳይመታ አሥር ሳንቲም ይከትታል። ሞተሩ ዝዝዝ ይላል፣ መብራቶቹ ይርገበገባሉ፣ ከዚያ ጸጥ። ምንም። ሌላ ሳንቲም። ላይ መስታወቱ ላይ ትልልቆቹ ቁጥሮች ተጽፈው ይታዩታል፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ትናንት ማታ ሌላ ሰው በልቶ ከሄደ ደግሞ ዛሬ ዕዳውን የሚከፍለው እሱ ነው፣ ማንም ሳይነግረው።

ጠጋኙ፦ የባለቡና ቤቱንም ነገር አስብ እንጂ። ነጻ ጨዋታውን በጥሬ ገንዘብ የሚመነዝረው ከራሱ መሳቢያ ነው። እጁ የሰላ ተጫዋች ቢመጣበት ያለ ሪፍሌክስ መሳቢያው በአንድ ምሽት ሊራቆት ይችላል። እጁ ላልሰላው ሰው ደግሞ ማሽኑ ቆይቶ ይላላለታል። እኔ ይሄን ሚዛን ነው የምለው። ነገሩ የገባው ሰው ጥግ ቆሞ ቢራውን እየጠጣ ሌላው ሲከስር መጠበቅና ሲነሳለት ቦታውን መያዝ ይችላል።

ከሳሹ፦ ራስህ መሰከርክልኝ! የላላው ማሽን የሚደርሰው ለከሳሪው ሳይሆን ጥግ ለቆመው ነዋ። ደግሞ «ነጻ ጨዋታ» የሚለውን ስም እንተወው። 1951 ላይ አሜሪካ የቁማር ማሽን ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት እንዳይጓጓዝ ከለከለች። ቢንጎው የመጣው በዚያው ዓመት ነው፣ ሳንቲም በማይተፋ ማሽን መልክ። ባለቤቱ ገንዘቡን በእጅ ይከፍልና ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1957 እንዲህ የሚከፈልበት ማሽን እንደ ቁማር ማሽን በዓመት 250 ዶላር ግብር አለበት ብሎ ወሰነ። በ1962 ደግሞ ክልከላው ሰፋና እነዚህንም ያዛቸው።

ጠጋኙ፦ ፍርድ ቤቱ ያየው ገንዘብ መከፈሉን ነው። ሪፍሌክሱ ማታለያ ነው ያለ የለም። ቤልጅየምን ተመልከት፤ ቢንጎ ዛሬም ካፌ ውስጥ አለ። በ1999 በወጣው ሕግ አንድ ካፌ 2 ማሽን ይፈቀድለታል፣ ተጫዋቹ በአማካይ በሰዓት ከ12.50 ዩሮ በላይ እንዳይከስር ጣሪያ ተደርጎበታል። ማሽኑ ማስላቱን እንደ ነውር አላዩትም። ስሌቱን ለሕግ ተጠቀሙበት።

ከሳሹ፦ ጣሪያው መኖሩ ጥሩ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ያ ማሽን ከላይ እስከ ታች አምፖል ነው፤ ካርዱ ይበራል፣ ክፍያው ይበራል፣ ቲልቱ ሳይቀር ይበራል። ሪፍሌክሱ የት እንደቆመ የሚያሳይ አንድ አምፖል ግን የለም። እሱን ግጠምለትና ያኔ ሚዛን በለው።

ጠጋኙ፦ ብገጥምለትማ ማን ይጫወትበታል? ሁሉም ቢራውን ይዞ ጥግ ላይ ይሰለፋል።