ስክሪኑ ላይ ያለው ሌጎ ገበያ ላይ የለም

በጣም ተናድጃለሁ፤ ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ይረዝማል። ታገሱኝ።

የሌጎ (እርስ በርስ የሚሰካካው የፕላስቲክ ጡብ መጫወቻ) ሞዴል በኮምፒውተር የምትነድፉ ሰዎች ገና ርዕሱን ስታዩ ምን እንደማወራ ገብቷችኋል። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ኩባንያው በካርቶን የማይሸጠውን ነገር በሌጎ መሥራት ስትፈልጉ፣ መጀመሪያ በፕሮግራም ትነድፉታላችሁ። በሺዎች የሚቆጠሩ የቁራጭ ዓይነቶች ስክሪኑ ዳር ተደርድረዋል። የፈለጋችሁትን በማውስ ጎትታችሁ ታመጣላችሁ፣ ታዞራላችሁ፣ ቀለም ትሰጡታላችሁ፣ ሌላው ላይ ትሰኩታላችሁ። ስትጨርሱ ፕሮግራሙ የቁራጮቹን ዝርዝር ያወጣል። በዝርዝሩ መሠረት ከሻጮች ትገዙና ትገጣጥማላችሁ። ሲወራ እንዲህ ቀላል ነው።

እኔ የተነሳሁት ቤተ ጊዮርጊስን ልሠራ ነው፤ የላሊበላውን። ኩባንያው የአይፍል ማማንም ታጅ ማሃልንም በካርቶን አውጥቶ ሸጧቸዋል። ልጄ ሁለቱንም በፎቶ አየቻቸውና «የኛስ?» አለችኝ። ልክ ነች። ቁጭ ብዬ ጀመርኩ።

ሥራው ይጥማል፤ ይሄን አልክድም። ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ መስቀል ነው። ጣሪያው ላይ ደግሞ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ ሦስት መስቀሎች አሉ። ግድግዳው ዙሪያውን 12 ገጽ አለው። ላይኛው ረድፍ 12 መስኮት፣ ታችኛው 9 ድፍን መስኮትና 3 በር። ይሄን ወደ ሌጎ መመለስ ሒሳብ ይጠይቃል። ጡቡ ላይ ያሉት ጉብታዎች ከመሃል እስከ መሃል 8 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። የጡቡ ቁመት ግን 9.6 ነው። ስሱ ቁራጭ፣ ፕሌት የሚባለው፣ የዚያ ሲሶ ነው፤ 3.2። ስለዚህ 5 ፕሌት ብትደራርቡ 16 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ልክ የ2 ጉብታ ስፋት። መስኮቶቹን በጎናቸው አስተኝቼ የሰካኋቸው በዚህ ሒሳብ ነው።

ጣሪያው የባሰ ነበር። የውጪው መስቀል ክንድ በተጋማሽ ቁጥር፣ የውስጡ በኢ-ተጋማሽ ቁጥር ጉብታ ሲሆን መሃላቸው አይገናኝም። ግማሽ ጉብታ ፈቀቅ ማለት አለበት። ለዚህ ጃምፐር የምትባል ቁራጭ አለች፤ ባለ ሁለት ጉብታ ቁራጭ የሚይዘውን ቦታ ትይዝና መሃሏ ላይ አንድ ጉብታ ብቻ አላት። 4 ሚሊ ሜትር ትገፋላችሁ። እሷን ሳስገባ ሦስቱም መስቀሎች መሃል ለመሃል ቁጭ አሉ። ያን ማታ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ብሶቱ የሚጀምረው ቀለም ላይ ነው።

የላሊበላ ድንጋይ ቀላ ያለ ነው። የቀለም ሰሌዳው ላይ ደግሞ የሌለ ነገር የለም። ሳንድ ሬድ የሚባል ደብዘዝ ያለ ቀይ አገኘሁና ግድግዳውን በሙሉ ሰጠሁት። ቁርጥ ድንጋዩን መሰለ። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት፤ ዘለለች። ፕሮግራሙም ምንም ሳይል ተቀበለኝ። ዝርዝሩ ሲወጣ ነው ጉዱ የታየው። ሳንድ ሬድ ብርቅ ቀለም ነው። ከመረጥኳቸው ቁራጮች ብዙዎቹ በዚያ ቀለም ተሠርተው አያውቁም። ፋብሪካው ያላመረተውን ዕቃ ነው ስክሪኑ ሲያቀርብልኝ የከረመው! «ማስጠንቀቂያ አለው እኮ» የምትሉኝ አትጠፉም። አዎ፣ አለው። ዝርዝሩ ዳር ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት። ቁራጩን ሳነሳ ለምን አይነግረኝም? ሜኑ ላይ ያለውን ሁሉ በእሺታ ጽፎ ሄዶ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «አልቋል» እያለ እንደሚመጣ አስተናጋጅ ማለት ነው።

እሺ፣ ቀለም ቀየርኩ። ግድግዳውን ሬዲሽ ብራውን (ቀላ ያለ ቡኒ)፣ ጠርዙን ዳርክ ኦሬንጅ (ጠቆር ያለ ብርቱካናማ) አደረግኩ። አሁን ሁሉም ቁራጭ በቀለሙ «አለ» ይላል። ግን ይሄ «አለ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ ጊዜ፣ በሆነ ዓመት፣ በሆነ ካርቶን ውስጥ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ይገኛል ማለት አይደለም። ለጣሪያው ጠርዝ የመረጥኳት ትንሽ ተዳፋት ቁራጭ አለች፤ ከጣት ጥፍር አትበልጥም። ያሏቸው ሻጮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዋጋዋም የተራው ቀለም ብዙ እጥፍ ነው። እኔ ደግሞ በደርዘን ነው የምፈልጋት።

ሻጮቹ ሌላ ጣጣ ናቸው። አንዱ ጋ ግድግዳው ይገኛል፤ ጣሪያው የለም። ሌላው ጋ ጣሪያው አለ፤ ግን ከዚህ ብር በታች አልሸጥም ይላል። ሦስተኛው ጃምፐሩ አለው፤ የመላኪያው ሒሳብ ከዕቃው ይበልጣል። አንዱ ጀርመን፣ አንዱ ፖላንድ፣ አንዱ ስፔን። ለአንድ ሞዴል ይሄ ሁሉ ፖስታ!

እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የለኝም። እህቴ ፍራንክፈርት ሆና በዩሮ ትከፍልልኛለች፤ ፖስታው እሷ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ይፈለጋል። የሚመጣ ሰው ደግሞ ሻንጣው ገና ሳይገዛ ነው በአደራ የሚሞላው። የእናቱ መድኃኒት፣ የእህቱ ልጅ ጫማ፣ የጎረቤት ስልክ። በዚያ መሃል «አንድ ፌስታል ፕላስቲክ አለችኝ» ብሎ መለመን ምን ያህል እንደሚከብድ የለመነ ያውቀዋል። እና ዕቃው መጥቶ ሲከፈት አንዲት ቁራጭ ከጎደለች ጠብቁ። ሌላ ሰው እስኪመጣ። ለዚህ ነው «በኋላ ታስተካክለዋለህ» የሚሉኝን የማልሰማው። እዚህ ሆኖ ለሚሠራ ሰው «በኋላ» የሚባል ነገር ወራት ነው።

የመጣውም ቢሆን። ሬዲሽ ብራውን የሆኑ የቆዩ ቁራጮች በመሰንጠቅ የታወቁ ናቸው፤ ይሄ የሌጎ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ደህና የሚመስለው ፕሌት ሲነቀል ጥግ ጥጉ ቀጭ ይላል። ቡኒው ራሱ አንድ አይደለም፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ የድሮውን ቡኒና ግራጫ በአዲስ ቀይሯል። ሻጭ ድሮውንና አዲሱን ቀላቅሎ ከላከ ግድግዳችሁ ዝንጉርጉር ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም የሚያብለጨልጭ።

አገጣጠሙን ሳልናገር ባልፍ ያመኛል። ፕሮግራሙ ቁራጭ ከቁራጭ ሲጋጭ ያውቃል። እጅ እንዳለን ግን አያውቅም። ጎኑን ያስተኛሁት መስኮት ስክሪኑ ላይ በግድግዳው አልፎ ቦታው ገባ። በእውነተኛው ዕቃ ግን ግድግዳው ከቆመ በኋላ መስኮቱን የሚያስገባ ጣት የለም። መጀመሪያ መስኮቱ፣ ከዚያ ግድግዳው መሆን አለበት። የአሠራር መመሪያውን በራሱ እንዲያወጣ ብትጠይቁት ደግሞ ምንም ያልያዘውን ቁራጭ በባዶ አየር ላይ አንሳፎ «ደረጃ 14» ይላችኋል። ስለዚህ መመሪያውን አንድ በአንድ በእጅ መደርደር ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደና የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ከሆነ… እሱን ተዉት።

የሚያናድደኝ ከባዱ ሥራ ድሮ ማለቁ ነው። ጄምስ ጄሲማን የሚባል አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ኤልድሮው የተባለውን የሌጎ መንደፊያ ፕሮግራም ሠራ። እያንዳንዱን ቁራጭ በ0.4 ሚሊ ሜትር መለኪያ በቁጥር ገለጸው። በ1997 ሞተ፤ ገና ወጣት ሳለ። ከሱ በኋላ በጎ ፈቃደኞች ያለ ክፍያ የቁራጮቹን ክምችት እስከ ዛሬ እያሳደጉት ነው። ብዙዎቹ የዛሬ ፕሮግራሞች የዚያን ክምችት ፍሬ ይበላሉ። አንድ ሰው በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ቅርጹን ልክ ካደረገው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዋጋንና መገኘትን ቁራጩ አጠገብ መጻፍ ምን ይከብዳል? መረጃው እኮ ገበያው ላይ አለ! እኔ ግን ዋጋውን ያየሁት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። በዚህ ሌጎን አደንቃለሁ፤ ከልቤ። ፕሮግራሞቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። ኩባንያው ራሱ ያወጣው ሌጎ ዲጂታል ዲዛይነር በ2022 ቀርቷል። የድሮ ፋይል አዲስ ፕሮግራም ላይ ሲከፈት የሚጎድል ቁራጭ ሊኖር ይችላል። ፕላስቲኩ ከስድሳ ዓመት በላይ የሚገጥመውን ያህል ፋይሉ አሥር ዓመት እንኳ ቢገጥም ምን ነበረበት?

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ቁራጩን በማውስ ሳነሳ፣ እዚያው፣ በዚህ ቀለም ስንት ሻጭ ጋ እንዳለና አንዱ ስንት እንደሆነ ይጻፍልኝ። ዝርዝሩን ሳወጣ «እነዚህን ሦስት ቁራጮች በሌላ ብትተካ ከሁለት ሻጭ ብቻ ትገዛለህ» ይበለኝ። መላኪያውንም ይደምርልኝ። በርቀት ላለን፣ በሰው እጅ ለምናስመጣ ሰዎች፣ ከሚያብረቀርቅ ምስል ይልቅ ይሄ ነው የሚጠቅመን።

አሁን ጣሪያውን እንደገና እየነደፍኩት ነው። ዳርክ ኦሬንጁን ጠርዝ በተራ ፕሌት ልተካው እችላለሁ፤ ግን የመስቀሎቹ ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ይሆናል፤ አልፈልገውም። አውሮፓ ያላችሁ የሌጎ ሰዎች፣ በዚህ ቀለም ባለ 1 በ 2 ጉብታ ተዳፋት ቁራጭ የተረፋችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። 24 ፍሬ ነው የቀረኝ። እከፍላለሁ። እህቴ ፍራንክፈርት ትቀበላለች፤ በሚቀጥለው ወር የሚመጣ ሰውም አግኝተናል።