ተረበሹ፣ ተሰጠ፣ ተኙ

ጎንደር የአቋቋም አገር ናት፤ ቅኔውን ለጎጃም ትተናል ይባላል። ሐሰት ነው። የተጠራጠረ አክስቴ ወዳሉበት የአረጋውያን መጦሪያ ይምጣና የሌሊቱን መዝገብ ይግለጥ። «ተረበሹ። ተሰጠ። ተኙ።» በቃ፣ ሦስት ቃል። ሌላው ቢሆን ገጽ ይፈጅ ነበር።

በምን ተረበሹ? ምን ተሰጠ? ስንት ሚሊግራም? በስንት ሰዓት? ቅኔ እንዲህ አይጠየቅም። ሰሙን ያነበበ ወርቁን ራሱ ይፈልግ። እኔ ፈልጌ አገኘሁት። አክስቴ ሽንታቸው መጥቶ ነበር። የኮሪደሩ አምፖል ተቃጥሏል። ሁለቴ ተጣሩ፤ የሚሰማ ሲያጡ ጮኹ። አምፖል ከመቀየር ኪኒን ማዋጥ ይቀላል፤ መሰላል አይጠይቅም። ጠዋት ስደርስ ቡና ቀርቦላቸዋል። ስኒው እጃቸው ላይ ዘሞ ቡናው ነጠላቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ እሳቸው ዓይናቸውን መግለጥ አቅቷቸዋል።

የሐኪሙን የኪኒን ትእዛዝም አድንቁልኝ፦ «እንደ አስፈላጊነቱ»። ለማን እንዳስፈለገ አይልም፤ ለአክስቴም ሊሆን ይችላል፣ ለተረኛዋ እንቅልፍም። ማብቂያ ቀን የለውም። አሜሪካኖች ያሳዝኑኛል። በእነሱ አቆጣጠር ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በመጦሪያዎቻቸው እንዲህ ያለ የአእምሮ መድኃኒት ትእዛዝ በ14 ቀኑ ያበቃል። ሐኪሙ ላራዝም ካለ ምክንያቱንና እስከ መቼ እንደሆነ ይጽፋል። እንደ ሃሎፔሪዶል ያለው የከባድ አእምሮ ሕመም መድኃኒት ከሆነማ ታካሚውን ራሱ ቀርቦ ሳያይ አያድስም። ይባስ ብሎ የመድኃኒት ተቆጣጣሪያቸው በ2008 ሃሎፔሪዶልና መሰሎቹ ላይ ማስጠንቀቂያ አስጽፏል፤ የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን ይጨምራሉ ብሎ። የእኛ ትእዛዝ ግን እንደ ፋሲል ግንብ ነው። አንዴ ቆመ፣ ቆመ።

«ሲስተር፣ ከኪኒኑ በፊት ሽንት ቤት ወስዳችኋቸው ነበር?» አልኩ።

«ውጤቱ ተጽፏል እኮ። ተኙ ይላል።»

እውነቷን ነው፤ ተኝተዋል። ወድቀው ወገባቸው ቢሰበርም መዝገቡ ያው ነው፤ እንቅልፍ እንጂ ወገብ የሚጻፍበት መስመር የለውም።

«እሱማ ተኙ፣ ግን...» ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ሲስተር አንዴ እኔን፣ አንዴ እስክሪብቶዋን አየች።

ቶሎ ዝም አልኩ።