ፕሮቲን እያልን የምንቆጥረው ናይትሮጅን

የነፍሳት ዱቄት በፕሮቲን ከሥጋ ይበልጣል፤ አንድ ኪሎ ፕሮቲን ለማምረትም የሚፈጀው መሬት ጥቂት ነው። ስለ ነገው ምግብ የሚወጡ ዘገባዎች እንዲህ ባሉ ዓረፍተ ነገሮች የተሞሉ ናቸው። ሐሳቡን አልቃወምም። የከብት እርባታ በመሬትና በአየር ንብረት ላይ የሚያሳድረው ጫና እውነት ነው፤ ሌላ የፕሮቲን ምንጭ መፈለጉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያን ፕሮቲን ማን መዘነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። አብዛኛውን ጊዜ የተመዘነው ፕሮቲን አይደለም፤ ናይትሮጅን ነው።

ዘዴው ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ዮሃን ኬልዳል የተባለ ዴንማርካዊ ኬሚስት፣ በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለቢራ የሚሆን እህል ምን ያህል ፕሮቲን እንዳለው ለማወቅ የፈለሰፈው ነው። ናሙናው በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይፈላል። መጀመሪያ ከስሎ የጠቆረው ፈሳሽ ቀስ በቀስ እየጠራ ይሄዳል፤ የናሙናው ናይትሮጅንም ወደ አሞኒያ ጨው ይለወጣል። ከዚያ አሞኒያው ተነጥሮ ይለካል፤ የተገኘው የናይትሮጅን መጠን በ6.25 ይባዛል። ስሌቱ የተመሠረተው ፕሮቲን በአማካይ 16 በመቶው ናይትሮጅን ነው በሚል ግምት ላይ ነው። ርካሽ፣ ቀላልና በየትኛውም ቤተ ሙከራ ሊሠራ የሚችል ዘዴ ነው። ጉድለቱ አንድ ነው፤ አሲዱ ናይትሮጅኑ ከየት እንደመጣ አይለይም።

ይህን ጉድለት ወደ ገንዘብ የለወጡት አጭበርባሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና በውሃ የቀጠነ ወተት ፍተሻውን እንዲያልፍ ሜላሚን ይጨመርበት እንደነበር ተደረሰበት። ሜላሚን ለፕላስቲክ ሥራ የሚውል ኬሚካል ሲሆን ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው። ወተቱ ቀጥኖ ሳለ በመለኪያው ፊት ወፍራም መሰለ። 300,000 ገደማ ሕፃናት ታመሙ፤ ብዙዎቹ ኩላሊታቸው ውስጥ ጠጠር ተፈጠረ፤ ስድስት ሕፃናት ሞቱ። አጥፊዎቹ ተቀጥተዋል። ያታለሉት መለኪያ ግን ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

በአዲሶቹ የፕሮቲን ምንጮች ዙሪያ ማጭበርበር አለ እያልኩ አይደለም። ማንም ሳያጭበረብርም ቁጥሩ ይዋሻል። የነፍሳት ቅርፊት የተሠራበት ቺቲን ናይትሮጅን አለው፤ ፕሮቲን ግን አይደለም። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ለእጭ ነፍሳት የሚስማማው ማባዣ 6.25 ሳይሆን 4.76 መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ‹60 በመቶ ፕሮቲን› የተባለለት ዱቄት ወደ 46 በመቶ ይወርዳል ማለት ነው። ለእንጉዳይም 4.38 የሚለው ማባዣ በጥናቶች ውስጥ ከታወቀ ቆይቷል። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ መለያ ደንብ ግን ለሁሉም አንድ ቁጥር ያዛል፤ 6.25። ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ‹ለአንድ ኪሎ ፕሮቲን ይህን ያህል መሬት፣ ይህን ያህል ውሃ› የሚለው ንጽጽርም ስሕተቱን አብሮ ይወርሳል።

ትክክለኛው ፕሮቲን ቢታወቅ እንኳ ነገሩ አያበቃም። ፕሮቲን ከተገነባባቸው አሚኖ አሲዶች መካከል ስንዴ ላይሲን የተባለው ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ሜቲዮኒን። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት ፕሮቲን በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ በተለካ የእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ መፈጨት እንዲመዘን መክሯል። የከብት እርባታ ተሟጋቾች ይህን መለኪያ ወደውታል፤ ወተትና እንቁላል ከፍተኛ ነጥብ ያገኙበታልና። እነሱም ቢሆኑ የሚመቻቸውን ብቻ ነው የሚጠቅሱት። ነጥቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ለአንድ ምግብ ለብቻው ነው፤ ሰው ግን እህልን ከጥራጥሬ ጋር ይበላል፤ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደኅንነት የሚባለው ጥያቄ ከአመጋገብ ጥናት ተነጥሎ በሌላ ክፍል፣ በሌሎች ሰዎች መጠናቱ ነው። በደንብ ባልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ያለው፣ የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ሌክቲን ራሱ ፕሮቲን ነው። በጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ደግሞ ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያስር ሌላ ፕሮቲን አለ። የኬልዳል ዘዴ ሁለቱንም እንደ ምግብ ይቆጥራቸዋል። ለሽሪምፕ አለርጂ የሆነ ሰው ነፍሳት ሲበላ ሊታመም የሚችለውም ሁለቱ እንስሳት በሚጋሩት ፕሮቲን ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን ከማንኛውም ክርክር በላይ ግልጽ ያደርገዋል። አኩሪ አተር የሚጎድለውን ሜቲዮኒን ለመሙላት ተመራማሪዎች ከብራዚል ለውዝ አንድ ዘረ መል ወስደው አስገቡበት። ሥራው ሰመረ፤ ሜቲዮኒኑ ጨመረ። ነገር ግን ለብራዚል ለውዝ አለርጂ ከሆኑ ሰዎች በተወሰደ ደም ሲፈተሽ አዲሱ አኩሪ አተር አለርጂውን ይዞ መጥቷል። በሜቲዮኒን የበለጸገው ፕሮቲንና አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን አንድ ነበሩ። ዘሩ ገበያ ሳይወጣ ቀረ። ፈተናው በጊዜ ስለተደረገ እንጂ በግራም ስሌት ብቻ ቢሆን ኖሮ ታላቅ ስኬት ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

ስለዚህ አዲስ የፕሮቲን ምንጭ አገኘሁ የሚል ጥናት በየትኛው ማባዣ እንዳሰላ በግርጌ ሳይሆን በማጠቃለያው ይንገረን፤ የአለርጂና የመፈጨት ውጤቱንም ከመሬትና ከውሃ ቁጥሩ ጎን ያስቀምጥ። የመፈጨት ሙከራ አድካሚና ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንጀታቸው ላይ ቱቦ በተገጠመላቸው አሳማዎች ነው የሚካሄደው። ሆኖም ፋብሪካ ለመትከል ገንዘብ ያላጣ ኩባንያ ለዚህ ሙከራ ሲሆን አጣሁ ቢል አላምነውም።