ልጅ አያያዝ ከእኛ ወዲያ!

አዲስ ተመራቂ ቀጥሮ ማቆየት ከባድ ነው የሚል ሁሉ ደብረ ማርቆስ ይምጣና ይማር። እኛ ቢሮ የተቀጠረ ልጅ ልሂድ ቢልም አይሄድም።

አቀባበላችንን ብቻ እዩት። ልጁ የመውጫ ፈተናውን አልፎ፣ ዲግሪውን በፕላስቲክ ሸፍኖ ሲመጣ ኦሪጅናሉን እንቀበለዋለን። "እንዳይጠፋብህ ብለን ነው" እንለዋለን። ከዚያ ካዝና ውስጥ ይቆለፍበታል። ቁልፉ ሥራ አስኪያጁ ኪስ ነው። እሳቸው ደግሞ ባሕር ዳር ስብሰባ ናቸው።

ወንበር ይመጣለታል። ኮምፒዩተርማ አለ፤ ዳንቴል ለብሶ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በአካውንቲንግ የተመረቀው ልጅ ፎቶ ኮፒ ያስነሳል፣ ደብዳቤ ያደርሳል፣ የአለቃውን ቴሌግራም ያስተካክላል። ሌላ ሥራ ልንሰጠው አስበን ነበር። ግን ሥራውን የሚያውቀው ሰው ለማሳየት ጊዜ የለውም፤ ጊዜ ያለው ደግሞ ሥራውን አያውቀውም። ደመወዙን ተዉት፤ ልጁ ለገንዘብ ብሎ አልተማረም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። አዋጁ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ቸኮለ እንጂ። ቀኑ ሞልቶ ስለ ቋሚነት የጠየቀ ልጅ "ምነዋ! ምን አጣደፈህ?" ይባላል።

ፍቅራችን የሚታየው ግን ልልቀቅ ሲል ነው። በአዋጁ ከሆነ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በነጻ ተቀብሎ መሄድ ይችላል። እኛ ግን እንግዳ ቶሎ የሚሸኝ አገር ሰዎች አይደለንም። መጀመሪያ ክሊራንስ! ንብረት ክፍል ይፈርምበት፤ የንብረት ክፍሏ ልጅ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ተረክቦት የማያውቀው ካልኩሌተርም በስሙ ተመዝግቧል፣ እሱን ይመልስ። በቃ፣ ማክሰኞ ይምጣ። ማክሰኞ ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል።

ይህ ሁሉ ተደርጎላቸው አሁንም ሹልክ ብለው፣ በደጀን አድርገው አባይ በረሃን የሚሻገሩ አሉ። ያውም ዲግሪያቸውን ካዝና ውስጥ ጥለው! አለቃችን በጣም አዝነዋል። "የዘንድሮ ልጅ አይበረክትም" አሉ። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አበልም ተያዘለት። ጸሐፊ ሆኖ የተመረጠው ባለፈው ሳምንት መልቀቂያ ያስገባው ልጅ ነው። ኮምፒዩተር ይችላላ!