ለተበጠሰው የቴብሎቼ ዝምድና የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ስድስት መጻሕፍት ይዘው ድምፅዎን አጥፍተው ስለመሰወርዎ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የኔን አይጠይቁኝ። ቅዳሜን ሙሉ እርስዎን ስፈልግ ውያለሁ።

የቤቴን መጻሕፍት የመዘገብኩባት ዳታቤዝ ትንሽ ናት። ሦስት ቴብል (ሠንጠረዥ) አላት፤ መጻሕፍት፣ ደራስያን፣ ውሰት። መጽሐፉ የደራሲውን ቁጥር ይይዛል፤ እርስዎ ደግሞ ቁጥሩን አይተው ደራሲው ዘንድ ያደርሱታል። ሥራዎ ይኸው ነው። ይህችን አቃተዎት?

ጥፋቱ ከኔ እንደጀመረ አልክድም። አንድ ደራሲ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘሁ፤ አንዴ በሃሌታው ሀ፣ አንዴ በብዙኃኑ ኀ። ለኔ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር ግን የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ቁጥር 12ን አስቀርቼ ቁጥር 31ን ዲሊት አደረግኩት። ቤት እንደጠረገ ሰው እጄን አራገፍኩ።

ያኔ አንድ ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት? «ቆይ፣ በ31 ሥር ስድስት መጻሕፍት አሉ» ቢሉኝ? ዝም! ማታ ዝርዝሩን ሳወጣ 212 የነበሩት 206 ሆነዋል። ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ሁለቱን ቴብል የሚያገናኘው ትእዛዝ፣ ጆይን፣ እንደሆነ ጥንዱን ያጣ ረድፍ ሲያገኝ ዘሎት ያልፋል። ስህተት ብለው ቢጮሁ እኮ ተጯጩኸን እንፈታው ነበር። ስድስት መጽሐፍ ውጦ አፍን መጥረግ ግን ምን ይባላል?

እኔ ምን አደረግኩ? ሰው ጠረጠርኩ። ወዳጄ ጋ ደውዬ «ያንን መጽሐፍ መቼ ነው የምትመልስልኝ?» አልኩት። አኮረፈኝ። መጽሐፉ ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ነበር።

በመጨረሻ ጥንድ ያጣውንም ረድፍ ሳይዘል በሚያወጣው በሌፍት ጆይን የደራሲ ስማቸው ባዶ የሆኑትን ብቻ አወጣኋቸው። ስድስቱም 31ን ሙጭጭ እንዳሉ ተገኙ። በቅሎ እንኳ አባቷን ሲጠይቋት «እናቴ ፈረስ ናት» ብላ የምትጠራው ዘመድ አላት። እነዚህ የሚጠሩት የሌለ ሰው ነው። ወደ 12 ለማዛወር አንዲት መስመር በቃች። መሽቶ ነበር።

ጠባቂዎም ጉድ ነው። ዳታቤዟን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ኤስኪውላይት፣ ፎሪን ኪይ (መጽሐፉ የያዘው የደራሲ ቁጥር የግድ ደራስያን ውስጥ ይኑር የሚለውን ደንብ) ማስከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ግን ዛሬም ካልነገሩት አያስከብርም። ያውም ዳታቤዙን በከፈትን ቁጥር። ከተነገረው በኋላም ድሮ የተበላሸውን ዞር ብሎ አያይም፤ ለሱ «ፎሪን ኪይ ቼክ» ብሎ ለብቻ መጠየቅ ነው። ሌባው ሳሎን ተቀምጦ፣ ዘበኛው አዲስ የሚገባውን ይፈትሻል።

«ካስኬድ አድርገውና ተገላገል» ያለኝም አለ። ደራሲውን ስሰርዝ መጻሕፍቱ አብረውት እንዲቀበሩ ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! ይቅርብኝ።

አሁን ፎሪን ኪይ በርቷል። ልጆች ያሉትን ወላጅ ልሰርዝ ብል ይከለክለኛል። ይከልክለኝ። እርስዎም ከቦታዎ ንቅንቅ እንዳይሉ።

ከሰላምታ ጋር፣
የዳታቤዟ ባለቤት፣ አስተዳዳሪ፣ እንዲሁም የጽዳትና ጥገና ክፍል (ሁሉም አንድ ሰው ነው)

ግልባጭ፦
ለደራሲ ቁጥር 12፤ ልጆችህን ተረከብ።
ለወዳጄ፤ መጽሐፉ ተገኝቷል፣ ይቅርታ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ስም ግን ያንተ ነው። ለካ የተዋስኩህ እኔ ነኝ።