ማስተካከያ፦ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የኤቲስት መጽሐፍ አይደለም

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ እየዞረ ያለው "ሃይማኖትን የሚሞግቱ መጽሐፎች" የሚል ሊስት ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን (በግዕዝ የተጻፈ የፍልስፍና መጽሐፍ ነው) ኤቲስቶቹ (ፈጣሪ የለም ባዮቹ) ጋ መድቦ ደራሲው ደሞ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው ይላል፣ ሁለቱም ስህተት ነው። ንጉሡ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ናቸው፣ የሐተታው ባለታሪክ ግን አክሱም ሲያስተምር ቆይቶ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ሸሽቶ ተከዜ አካባቢ ዋሻ የገባ መምህር ነው፣ ይዞ የሄደውም ትንሽ ወርቅና መዝሙረ ዳዊት (ኤቲስት ዳዊት ይዞ ይሸሻል እንዴ?)። ጾሙን፣ ምንኩስናውን፣ የሙሴን ሕግ ይሞግታል፣ ፈጣሪ ግን አለ ብሎ ይጸልያል። ሊስቱ ላይ "17ኛው ክፍለ ዘመን መጻፉ ተረጋግጧል" የሚለውም ይውጣ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ሐተታውን የጻፈው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሏል፣ የፍልስፍና ምሁሩ ክሎድ ሰምነር ደሞ የለም የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተከራክሯል፣ ነገሩ እስካሁን አልተቋጨም።