የፊት ወንበር ስንት ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ማኅተም ያረፈበትን የመዋጮ ደብዳቤ ያውቀዋል። አንዴ ለመንገድ ነው፣ አንዴ ለበዓል፣ ሌላ ጊዜ ለስፖርት ክለብ ወይም ለተፈናቃይ። ከደብዳቤው ቀጥሎ አዳራሽ አለ። መድረክ መሪው ማይክሮፎን ይዞ ቃል ያስገባል። "እገሌ ሦስት መቶ ሺህ!" ይጨበጨባል፣ ካሜራው ይዞራል። አንድ ሚሊዮን ያለው ሰው ደግሞ ተነስቶ ሁለት ቃል እንዲናገር ይጋበዛል። ከኋላ የተቀመጠችው የልብስ ሱቅ ባለቤት አምስት ሺህ አስጽፋለች። ስሟ ሲነበብ ሰው ወደ ምሳ እየተነሳ ነው።

ዋናው ሥራ ምሳው ላይ ነው። ሚሊዮን የሰጠው ሰውዬ ከኃላፊዎቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ይዟል። ስለ መሬት አያነሳም፤ ነውር ነው። ስለ ልጆች፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ መብራት መጥፋት ይጫወታሉ። ስልክ ይለዋወጣሉ። ከወር በኋላ የመሬት ጥያቄው ፋይል አንዱ ቢሮ ሲያድርበት የሚደውለው ለዚያ ቁጥር ነው። የልብስ ሱቋ ባለቤት ያን ወር ሙሉ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" እየተባለች ትመለሳለች።

እዚህ ውስጥ ጉቦ የለም። ጉቦማ ቢያንስ ወንጀል ነው። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦን ብቻ ሳይሆን ተሰሚነቱን የሚሸጠውንም ይቀጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሳንቲም ያልተቀባበሉት ናቸው። አንዱ የሌላውን ለቅሶ ደርሷል፣ ልጁን ክርስትና አንስቷል፣ ለክለቡ ማልያ ገዝቷል። ሁለቱም በቅንነት "ምን አጠፋን?" ይላሉ። መርማሪ ቢመጣ የሚያገኘው የሰርግ ፎቶ ነው።

ይህን ስል ነጋዴ መንግሥትን አያናግር ማለቴ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በጄኔሬተር የሚሠራ ሆቴል፣ ግብር ያለ ቅጥ ተቆለለብኝ የሚል ባለ ካፌ፣ ዕቃው የተያዘበት አስመጪ መጮኽ አለበት። ለዚህ የሚሆን ቤትም አለ። የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 341/1995 የተደራጁት የነጋዴውን ድምፅ ለመንግሥት እንዲያደርሱ ጭምር ነው። ግን ትልልቆቹ በራሳቸው ስልክ መደወል ከቻሉ ማኅበር ምን ያደርግላቸዋል? ማኅበሩ የሚያስፈልጋቸው ትንንሾቹ ናቸው፤ ትንንሾቹ ብቻቸውን ሲቀሩ ደግሞ የማኅበሩ ድምፅ ይሰልላል።

ድሮማ ደጅ መጥናትም አያስፈልግም ነበር። ፓርቲው ራሱ ነጋዴ ነበር። ያኔ ክልሉን ያስተዳድር የነበረው የብአዴን ሰዎች የሚመሩት ጥረት ኮርፖሬት ዳሸን ቢራ ውስጥ፣ አምባሰል ንግድ ውስጥ፣ ጥቁር ዓባይ ትራንስፖርት ውስጥ ነበረ። ከጥቁር ዓባይ ጋር የሚወዳደር ባለ ሁለት ከባድ መኪና ነጋዴ ለማን አቤት ይበል? ሕግ አውጪው ተፎካካሪው ነው። በ2012 ዓ.ም. የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከጥረት ጋር በተያያዘ የሙስና ክስ የድርጅቱን የቀድሞ ኃላፊዎች፣ አቶ በረከት ስምዖንን በስድስት፣ አቶ ታደሰ ካሳን በስምንት ዓመት እስራት ቀጣ። በጊዜው ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ወሬው ሁሉ ግን ስለ ሰዎቹ ነበር። ባለሥልጣንና ባለሀብት ሲገናኙ ምን ይመዝገብ፣ ማንስ ይየው የሚለውን ያነሳ ሰው አላስታውስም።

ከዚያ ገበታው መጣ። በ2012 ክረምት ይፋ የሆነው፣ ለቱሪዝም ፕሮጀክቶች ገንዘብ የተሰበሰበበት ገበታ ለሀገር ለአንድ ሰው 10 ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት እራት ነበረው። ከሦስቱ ፕሮጀክቶች አንዱ የእኛው ጎርጎራ ነው፤ ወንጪና ኮይሻ ሌሎቹ ናቸው። ብዙ ሰው በእራቱ ዋጋ ቀልዷል። እኔ ግን አንድ ነገሩን እወድለታለሁ፤ በቴሌቪዥን የታየ እራት ነው። ማን እንደተቀመጠ አይተናል። ካሜራ ያልገባባቸው እራቶች ይበልጥ ያስፈሩኛል። ቢሆንም ከፋዩ ከእራቱ በኋላ በየትኛው ቢሮ ምን ጠየቀ፣ ምን ተፈቀደለት የሚለውን አንድ ቦታ አሰባስቦ የሚያሳይ ሰነድ የለንም። ምናልባት ማንም ምንም አልጠየቀም። ካልተጻፈ ግን እንዴት እንመን?

ባሕር ዳር ላይ የዚህ ሁሉ መድረሻ መሬት ነው። በተለይ የጣና ዳር። ሐይቁና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ዳርቻው አይጨምርም፤ ፈላጊው ግን በየዓመቱ ይጨምራል። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ለከተማ መሬት ሁለት በር ከፈተ፦ ጨረታና ያለ ጨረታ የሚሰጥ ምደባ። በምደባ ከሚስተናገዱት መካከል ልዩ አገራዊ ፋይዳ አላቸው ተብለው በክልሉ ፕሬዚዳንት ወይም በከንቲባው ለካቢኔ የሚመሩ ፕሮጀክቶች አሉበት። ጨረታ ላይ ፖስታው ሲከፈት ተሸናፊው ቁጭ ብሎ ያያል። ምደባ ላይ ተሸናፊው መወዳደሩንም አያውቅ።

ታዲያ ፋይዳውን ማን ይለካል? ፕሮጀክቱን የሚያስጽፈው ራሱ ጠያቂው ነው። ለይህን ያህል ወጣት የሥራ ዕድል፣ ለይህን ያህል ቱሪስት መኝታ ብሎ ያስጽፋል። ከዓመታት በኋላ በዳርቻው ብታልፉ የዛገ ቆርቆሮ አጥር ታያላችሁ። በሩ ላይ "ባለቤት፣ አማካሪ፣ ተቋራጭ" የሚል ፀሐይ የበላው ሰሌዳ ተሰቅሏል። በስንጥቁ ብታዩ ሣርና አንዲት ላም። የኮሪደር ልማቱ ሰሞኑን የተወሰነውን ዳርቻ ለእግረኛ ከፍቶታል፤ ይመስገን። በቀረው ቦታ ጣናን ለማየት ማኪያቶ ማዘዝ ግድ ነው። ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራው ሰው ግን ማኪያቶም አያድነው። ደንገሉ የሚበቅልበት ዳር ሲታጠር ማን ጠየቀው? መዋጮ አዳራሹ ውስጥ ስሙ አልተጠራም፣ ምሳው ላይ ወንበር የለውም፣ የማንም ስልክ የለውም።

ሰው መፈለግ የሚያብበው ነገሩ ጥቂት ሆኖ ቆራጩ አንድ ሰው ሲሆን ነው። ዶላርን አስታውሱ። ሐምሌ 2016 ላይ ተመኑ ለገበያ እስኪለቀቅ ድረስ የባንክ ወረፋ ለማሳጠር የማይፈለግ ዘመድ አልነበረም። መሬትን እንደዚያ መልቀቅ አይቻልም፣ መለቀቅም የለበትም። ስለዚህ ቆራጩ ሲቆርጥ መታየት አለበት።

የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ከወጣ ከ2002 ጀምሮ ሹሙ ቤቱንና መኪናውን ያስመዘግባል። ከማን ጋር ምሳ እንደበላ አያስመዘግብም። አሜሪካኖቹ ሎቢ የሚሠራ፣ ማለትም ተከፍሎት ባለሥልጣን የሚያግባባ ሰው እንዲመዘገብ፣ ለማን እንደሚሠራና ምን ያህል እንደተከፈለው እንዲያሳውቅ በሕግ ካስገደዱ ቆይተዋል፤ ሕጉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1995 ነው። ገንዘቡ ከፖለቲካቸው ወጣ ወይ? ኧረ የት! ግን አንድ ጋዜጠኛ መዝገቡን ገልጦ ስም መጥራት ይችላል። እኛ ጋ ስም የሚጠራው ካፌ ውስጥ በሹክሹክታ ነው። ሹክሹክታ ደግሞ ንጹሑንም ሰው ያቆሽሻል።

"ይሄን ካበዛችሁ ባለሀብቱ ይሸሻል፣ በዚህ ጸጥታ ላይ ማን ይመጣል" የሚሉ አሉ። ስጋቱ ይገባኛል፤ ሆቴሎቻችን ምን እንደሚመስሉ ሁላችንም እናያለን። ግን እዚህ ከተማ ደክመው የሠሩ ባለሀብቶች ስማቸውን ሕንጻቸው ላይ በትልቁ ጽፈዋል። መሬቱን ሲቀበሉ ስማቸው ቢወጣ ምናቸው ይነካል?

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የከተማው ፌስቡክ ገጽ ለችግኝ ተከላ ፎቶ ሁልጊዜ ቦታ አለው። እዚያው ላይ በምደባ የተሰጠ መሬት ሁሉ ይለጠፍ፦ የተቀባዩ ስም፣ ስፋቱ፣ ቦታው፣ ማመልከቻው የገባበት ቀን፣ ግንባታው ማለቅ ያለበት ቀን። ከጎኑ ደግሞ ያ ሰው በዚያው ዓመት ለከተማው ያዋጣው ገንዘብ ይጻፍ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የካቢኔው ቃለ ጉባኤ አለ፣ የመዋጮው ደረሰኝም አለ። ከ2004 ወዲህ ያለውን ሁሉ ማውጣት ከከበደ ከዘንድሮው ይጀመር።